ሳይክላችሁን አንብቡ፣ ከዚያ እንጦጦን ውጡ

አዲስ አበባ ለሳይክል አትመችም ይባላል። ግማሹ እውነት ነው። አስፋልቱ ላይ ሚኒባሱም እግረኛውም ይጋፋል። ግን ከተማዋ በሰሜን በኩል ጫካ አላት። ከሽሮ ሜዳ በላይ የባሕር ዛፍ ጥላና የአፈር መንገድ አለ። ከጋራው ጀርባ ደግሞ የሱሉልታ ሜዳ ተዘርግቷል። ሯጮቻችን የሚለማመዱበትን መሬት እኛም በሁለት ጎማ ልንደሰትበት እንችላለን።

ይህን የምጽፈው ልጅ ሳለ ሳይክል በሰዓት እየተከራየ ሲነዳ ኖሮ፣ ካደገ በኋላ ነገሩን ለተወ ሰው ነው። ለውድድር የሚዘጋጅ ሰው አሠልጣኝ ይፈልግ። እኔ የምለው ሌላ ነው፦ ንዱም፣ አንብቡም። መሪ ይዛችሁ ሳይሆን ቤት ገብታችሁ። ስለ ሳይክሉና ስለ መንገዱ ትንሽ ያነበበ ሰው ያው አቀበት ላይ ከሌላው ያነሰ ይደክማል፣ የበለጠም ይደሰታል። ንባቡ ደግሞ የሚጀምረው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሳይክሉ ነው። ጎማው ላይ፣ ማርሹ ላይ፣ ፍሬኑ ላይ የተጻፈ ብዙ ነገር አለ።

ስትገዙ

አዲስ ሳይክል መግዛት ግዴታ አይደለም። በኮንቴይነር ከሚመጡት ያገለገሉ ሳይክሎች መካከል በጥሩ ፋብሪካ የተሠሩ ይገኛሉ። ባለ ብዙ ጌጥ አዲስ ርካሽ ሳይክል ከመግዛት ያገለገለ ጥሩ ሳይክል መግዛት ይሻላል ባይ ነኝ። በተለይ የፊትም የኋላም ሞላ ያለው ርካሽ ሳይክል አይግዙ፣ ሲገፉት እንኳን ይከብዳል። ለኛ መንገድ ከፊት ብቻ ሞላ ያለው፣ ወይም ጭራሽ ሞላ የሌለው ሰፊ ጎማ ያለው ሳይክል ይበቃል።

ሻጩ ቀለሙን ያሳያችኋል። እናንተ ግን ወደ ታች ጎንበስ በሉ። መሪው ከዋናው ብረት ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ከሥሩ እዩ። ቀለሙ ከተሸበሸበ ወይም ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ካለ ሳይክሉ አንድ ጊዜ ከባድ ነገር ጋር ተጋጭቷል ማለት ነው፤ ተዉት። ሙሉ በሙሉ እንደ አዲስ የተቀባ ያገለገለ ሳይክልም ያጠራጥራል። ቀለም ብዙ ነገር ይሸፍናል።

ቀጥሎ ጎማውን አንሡና አሽከርክሩት። ቸርኬው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ትንሽ ቢወላገድ ይስተካከላል፣ ዋጋ ለማስቀነስም ይጠቅማችኋል። ወደ ላይና ወደ ታች የሚዘል ከሆነ ግን ቸርኬው ራሱ ተመትቷል። ከዚያ ጎማውን ከላይ ይዛችሁ ወደ ጎን ገፋ ገፋ አድርጉት። ከነቃነቀ ኩሽኔታው ላልቷል ወይም አልቋል። ፔዳሉ የተያያዘበትን ክንድም እንዲሁ ወደ ጎን ነቅንቁ። የፊቱን ፍሬን ጨብጣችሁ ሳይክሉን ወደፊትና ወደኋላ ስትገፉት መሪው ሥር "ቋ" የሚል ነገር ከተሰማ እዚያም ልልነት አለ። የላላ ይጠብቃል፣ ያለቀ ይቀየራል። ችግሩ ሦስቱም አንድ ላይ ሲሆኑ ነው። የጥገናው ሒሳብ ሳይክሉን ሊበልጥ ይችላል።

ካቴናውን ከትልቁ የፊት ጥርስ ላይ በጣታችሁ ወደፊት ሳቡት። ከሥሩ የጥርሱ ግማሽ እርቃኑን ከታየ ካቴናው አልቋል። ያለቀ ካቴና ጥርሶቹንም ይዞ ይሞታል፣ ስለዚህ ጥርሶቹንም እዩ። የሻርክ ክንፍ እየመሰሉ የሾሉ ከሆኑ ካቴናውን፣ የፊቱንና የኋላውን ጥርስ፣ ሦስቱንም ልትቀይሩ ነው።

በመጨረሻ ፔዳሎቹ ከሚዞሩበት ቦታ ሥር ብዙውን ጊዜ የተቀረጸ ቁጥር አለ። ፎቶ አንሡት። ደረሰኝም ጠይቁ። ሳይክሉ ቢሰረቅ የእናንተ መሆኑን የምታስረዱት በእነዚህ ነው።

ጎማው ላይ የተጻፈውን ማንበብ

የጎማው ጎን ላይ እንደ 26 × 1.95 ያለ ቁጥር ታገኛላችሁ። አጠገቡ ደግሞ ብዙ ሰው የማያየው ሌላ ቁጥር አለ፣ ለምሳሌ 50-559። የሚታመነው ይህ ሁለተኛው ነው። 50 የጎማው ስፋት በሚሊሜትር ነው። 559 ደግሞ ጎማው በቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ክብ ዲያሜትር ነው።

ለምን ይጠቅማል? "26" የተባለ ሁሉ አንድ ዓይነት ስላልሆነ። በነጥብ የተጻፈው 26 × 1.95 ውስጡ 559 ነው። በክፍልፋይ የተጻፈው 26 × 1 3/8 ግን 590 ነው። ሁለቱ ፈጽሞ አይገጣጠሙም። ሱቅ ሄዳችሁ "ሃያ ስድስት ጎማ ስጠኝ" ብትሉ ባለሱቁ በቅን ልቦና የማይገባ ጎማ ሊሰጣችሁ ይችላል። 27.5 የሚባለው 584 ነው። 29 የሚባለው 622 ነው፣ የአስፋልት ውድድር ሳይክሎች 700 የሚሉትም ይኸው 622 ነው። ቁጥሩን ስልካችሁ ላይ ጽፋችሁ ያዙ፣ ምልልስ ይቀንሳል።

ጎማው ላይ የአየር መጠንም ፒኤስአይ (PSI) በሚባል የግፊት መለኪያ ተጽፏል፣ ብዙውን ጊዜ ትንሹና ትልቁ። አብዛኛው ሰው ድንጋይ እስኪሆን ይነፋል። ለአስፋልት ይሁን። ኮረኮንች ላይ ግን የተወጠረ ጎማ ድንጋዩን ሁሉ ወደ እጃችሁ ያስተላልፋል፣ አፈሩንም አይዝም። ክብደታችሁ 70 ኪሎ ገደማ ከሆነና ጎማው 2 ኢንች ያህል ስፋት ካለው ከ30 እስከ 35 ፒኤስአይ ጥሩ መነሻ ነው፣ ጎማው ላይ ከተጻፈው ትንሹ ካላነሰ። የኋላው ከፊቱ ትንሽ ይብለጥ። በጣም ካሳነሳችሁት ድንጋይ ስትመቱ ከመነዳሪው (አየር የሚይዘው የውስጥ ላስቲክ) በጎማውና በቸርኬው መካከል ተቆንጥጦ ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ያወጣል።

መንፊያውም ሁለት ዓይነት ነው። ወፍራሙ የመኪና ዓይነት ነው፣ የትም ያለ ጎሚስታ ይነፋላችኋል። ቀጭኑና ጫፉ ላይ ትንሽ ብሎን ያለው ግን የራሱን ፓምፕ ወይም ማገናኛ ይፈልጋል። ጎሚስታ ጋ ስታስነፉ ቆም ብላችሁ ተቆጣጠሩ። የመኪና ኮምፕረሰር የሳይክል ከመነዳሪ በሰከንዶች ውስጥ ሊያፈነዳ ይችላል። ትንሽ ትንሽ እያለ ይንፋ።

መቀመጫና ማርሽ

መቀመጫው ዝቅ ያለ ሳይክል ጉልበት ይጎዳል። ግድግዳ ተደግፋችሁ ተቀመጡ። ተረከዛችሁን ፔዳሉ ላይ አድርጋችሁ ፔዳሉን ወደ ታች አውርዱት። እግራችሁ ቀጥ ማለት አለበት። በኋላ በእግራችሁ የፊት ክፍል ስትረግጡ ጉልበታችሁ በትንሹ ይታጠፋል፣ ትክክሉ ያ ነው። መቀመጫው ላይ ሆናችሁ ሁለት እግራችሁ መሬት በደንብ ከነካ ዝቅ ብሏል ማለት ነው። ይህን ለጀማሪ ማሳመን ከባድ ነው፣ ሁሉም መሬት መንካት ይፈልጋል።

ማርሽ ላይ ሒሳብ ልሥራላችሁ፣ አትሰልቹ። የፊቱ ትንሹ ጥርስ 22፣ የኋላው ትልቁ 34 ቢሆን ፔዳሉ አንድ ዙር ሲዞር የኋላ ጎማው ከሁለት ሦስተኛ ዙር ትንሽ ያነሰ ይዞራል። የ26 ኢንች ጎማ አንድ ዙር 2 ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ በአንድ ዙር ወደ 1.3 ሜትር ትሄዳላችሁ። በሌላ ጫፍ የፊቱ 42 የኋላው 11 ቢሆን በአንድ ዙር ወደ 8 ሜትር ትወረወራላችሁ። እንጦጦ በ1.3 ሜትሩ የሚወጣ እንጂ በ8ቱ የሚሞከር አይደለም። የራሳችሁን ጥርሶች ቁጠሩ። ብዙውን ጊዜ ቁጥሩ ብረቱ ላይ ተቀርጿል። ስትገዙ የኋላው ትልቅ ጥርስ ቢያንስ 32 ይሁን፣ ለአዲስ አበባ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ምክር የለኝም።

ሁለት የማርሽ ልማድ ያዙ። አንደኛ፣ አቀበቱ ሳይጀምር ቀይሩ። ጉልበት እየሰጣችሁ ስትቀይሩ ካቴናው ይጮሃል፣ አንዳንዴም ይበጠሳል። ሁለተኛ፣ ትልቁን የፊት ከትልቁ የኋላ ጋር አታገናኙ፣ ትንሹንም ከትንሹ ጋር። ካቴናው ተጣምሞ ይሠራል፣ ቶሎ ያልቃል።

የት እንንዳ?

መጀመሪያ ሜዳ ላይ። በኮሪደር ልማቱ የተሠሩት የብስክሌት መስመሮች በማለዳ ለልምምድ ይመቻሉ። በ2011 ዓ.ም. እንደተጀመረው "መንገድ ለሰው" ዓይነት መኪና የማይገባበት እሁድ ሲኖርም ውጡ። እዚያ የምትለማመዱት ሦስት ነገር ነው፦ ቀጥ ብሎ በዝግታ መሄድ፣ አንድ እጅ ለቅቆ ምልክት ማሳየት፣ ሳይወላገዱ ወደኋላ ዞር ብሎ ማየት። በዝግታ ቀጥ ብሎ መሄድ ከፍጥነት ይልቅ ያስቸግራል። ጫካ ውስጥ የሚያስፈልጋችሁ ግን እሱ ነው።

ከዚያ እንጦጦ። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ውስጥ ለሳይክል የተሠራ መንገድ አለ። ለጀማሪ ጥሩ ነው፣ መኪና አያስጨንቅም። የትኛው መንገድ ለሳይክል እንደሆነ በር ላይ ጠይቁ። ከታች ከሽሮ ሜዳ እየነዳችሁ መውጣት ግን የሌላ ቀን ሥራ ነው። አቀበቱ አይቀልድም። ለመጀመሪያው ጊዜ ፖርቶ መጋላ ያለው ሚኒባስ ወይም ፒካፕ አነጋግራችሁ ሳይክሉን ጭናችሁ ውጡ። ማንም አይታዘባችሁም፣ ቢታዘብም ዛሬ ለመደሰት ነው የመጣችሁት።

የእንጦጦ አናት ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ከተማው ውስጥ ደህና የሚነዳ ሰው እዚያ ቶሎ የሚያለከልከው ለዚህ ነው፣ ስንፍና አይደለም። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ በአማካይ 6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ ፀሐይ ቢወጣም ጃኬት ያዙ።

ሱሉልታ ሌላ ደስታ አለው። ሜዳው ሰፊ ነው፣ እይታው ይከፍታል። በጋ ላይ የከብት መንገዶቹ ደርቀው ጠንካራ ይሆናሉ። ክረምት ላይ ግን አትሞክሩት። ጥቁሩ የዋልካ አፈር ጎማውን ይጠቀልለዋል፣ ፓራፋንጎው ውስጥ ይጠቀጠቃል፣ ከዚያ ሳይክሉ እናንተን መሸከሙ ቀርቶ እናንተ እሱን ትሸከማላችሁ። እንጦጦም በዝናብ ጊዜ የረገፈው የባሕር ዛፍ ቅጠልና ቅርፊት ያንሸራትታል። ከመስከረም አጋማሽ በኋላ፣ አደይ አበባው ሳይረግፍ፣ መሬቱ ጠጠር ሲል ያለው ጊዜ ከሁሉ ይበልጣል።

ባሕር ዳር ያላችሁ ስለ አቀበት የጻፍኩትን መዝለል ትችላላችሁ። ከተማዋ ሜዳ ናት፣ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሳይክልም ባሕሏ ነው። ከእሷ እስከ ጢስ ዓባይ ያለው 30 ኪሎሜትር ገደማ ለአንድ ቀን ጉዞ ልክ ነው። ሐዋሳም እንዲሁ ለእግርም ለጎማም የምትመች ከተማ ናት። የትም ሁኑ የት ግን ከከተማ ከመውጣታችሁ በፊት የሰሞኑን የጸጥታ ሁኔታ የአካባቢውን ሰው ጠይቁ። መንገዱ ነገም አለ።

ካርታ

ኦርጋኒክ ማፕስና ኦስምአንድ የሚባሉት የስልክ መተግበሪያዎች ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። መረጃቸው በጎ ፈቃደኞች ከሚሠሩት ኦፕንስትሪትማፕ የሚመጣ ነው። በጫካ ውስጥ ያሉ የእግር መንገዶችን ሳይቀር ያሳያሉ። ማታ ቤት ውስጥ ካርታውን አውርዱና እንደ ጋዜጣ አንብቡት።

የከፍታ መስመሮቹን ፈልጉ። መስመሮቹ ተጠጋግተው ከታዩ ገደል ወይም ብርቱ አቀበት ነው። ተራርቀው ከታዩ ሜዳ ነው። ሒሳቡም ቀላል ነው፦ በ1 ኪሎሜትር ውስጥ 100 ሜትር ከወጣችሁ 10 በመቶ አቀበት ነው። 5 በመቶን ጀማሪ ቀስ ብሎ ይወጣል። 10 በመቶን ከመቀመጫው ሳይነሣ በትንሹ ማርሽ ይወጣል። ከ15 በላይ ከሆነ ወርዶ መግፋት ነውር አይደለም። ካርታው የማያሳየው ደግሞ አለ፦ ጎርፍ የቆረጠው መንገድ፣ አዲስ አጥር፣ የተዘራ ማሳ። በማሳ ውስጥ መንገድ አለ ብሎ ካርታው ቢነግራችሁም እህል ከተዘራበት ዙሩ።

መውጣትና መውረድ

አቀበት ላይ ዋናው ነገር መተንፈስ መቻል ነው። አጠገባችሁ ካለው ሰው ጋር አጭር ዓረፍተ ነገር መነጋገር ካቃታችሁ ፈጥናችኋል። ወደ መቀመጫው የፊት ጫፍ ቀረብ በሉ፣ ደረታችሁን ዝቅ አድርጉ፣ የፊቱ ጎማ ከመሬት እንዳይነሣ። ክርናችሁን አላሉ። መሪውን አንቃችሁ አትያዙ።

ሰው የሚጎዳው ግን ቁልቁለት ላይ ነው። ከመውረዳችሁ በፊት መቀመጫውን ጥቂት ጣት ዝቅ አድርጉ። ፔዳሎቹን እኩል ከፍታ ላይ አድርጋችሁ ቁሙባቸው፣ ጉልበታችሁን አጠፍ አድርጉ፣ ወገባችሁን ወደኋላ ውሰዱ። የፊተኛውን ጎማ ሳይሆን አሥር፣ አሥራ አምስት ሜትር ወደፊት እዩ። ዐይናችሁ ድንጋዩ ላይ ከተተከለ ሳይክሉም ወደ ድንጋዩ ይሄዳል።

ፍሬን ላይ ብዙ ሰው የፊቱን ይፈራል። እውነቱ ግን ሳይክልን ይበልጥ የሚያቆመው የፊቱ ነው፣ ምክንያቱም ስታቆሙ ክብደታችሁ ወደፊት ይሄዳል። ችግሩ ድንገት መጨበጥ ነው። ሁለቱንም በአንድ ወይም በሁለት ጣት፣ ቀስ እያላችሁ ያዙ። ከመታጠፊያው በፊት ፍጥነታችሁን ጨርሱ፣ መታጠፊያው ውስጥ ፍሬን አትያዙ። ልቅ ጠጠር ላይ የፊቱ ጎማ ከተቆለፈ ትወድቃላችሁ።

ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ያለማቋረጥ መያዝ ደግሞ ያግለዋል። እዚህ ላይ ታሪክ ልንገራችሁ። አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ማሪን በሚባል ቦታ ታማልፓይስ የሚባል ተራራ አለ። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የዚያ አካባቢ ወጣቶች የቆዩ ከባድ ሳይክሎችን እያደሱ ከተራራው ቁልቁል ይለቋቸው ነበር። ፍሬናቸው ወደኋላ ሲረግጡ የሚይዝ፣ የኋላ ጎማው እምብርት ውስጥ ያለ ዓይነት ነበር። አንድ ጊዜ ሲወርዱ ውስጡ ያለው ግራሶ ግሎ ይጨሳል፣ ተቃጥሎ ያልቃል። ከዚያ ፈትቶ እንደገና ግራሶ መሙላት ነው። በዚያው አካባቢ ያለ አንድ ቁልቁል መንገድ ስሙን "ሪፓክ"፣ እንደገና መሙላት፣ ያገኘው ከዚህ ነው። በ1976 ውድድር ተጀመረበት። በ1977 ጆ ብሪዝ ለዚሁ ሥራ ብቻ የታሰበ ሳይክል ሠራ። ዛሬ ማውንቴን ባይክ የምንለው ከዚያ ሰፈር ልጆች ጨዋታ የወጣ ነው። በ1996 የአትላንታ ኦሎምፒክ ላይ ደረሰ። እናም ከእንጦጦ ስትወርዱ የፍሬን ሽታ ከመጣ ቁሙ፣ ይቀዝቅዝ፣ ከተማውን ተመልከቱ። የፍሬኑን ክብ ብረት (ዲስኩን) በእጃችሁ አትንኩ፣ ያቃጥላል።

ብርዱንም አትርሱ። አቀበት ላይ ላብ ያረጠበው ልብስ ቁልቁለት ላይ በረዶ ይሆናል። የድሮ ተወዳዳሪዎች ከተራራ አናት ላይ ጋዜጣ ተቀብለው ደረታቸው ላይ ከልብስ ሥር ይከቱ ነበር። ይሠራል። አንብባችሁ የጨረሳችሁትን ያዙ።

መንገዱ የእናንተ ብቻ አይደለም

እንጦጦ ላይ ጭራሮና ቅጠል የተሸከሙ እናቶች ይወርዳሉ። ጀርባቸው ላይ ያለው ሸክም ዞር ብለው እንዲያዩ አይፈቅድላቸውም። ከኋላቸው በፍጥነት አትምጡ። ከሩቅ ድምፅ አሰሙ፣ "እንደምን አደሩ እማማ" በሉ፣ ውረዱና አሳልፏቸው። ወደ ጸበል የሚሄድ ሕመምተኛ አለ፣ የሚሮጥ ስፖርተኛ አለ፣ የተጫነ አህያ አለ። አህያ ከሆነ በገደሉ በኩል አትለፉ፣ ሸክሙ ይገፋችኋል።

ልጆች ይከተላሉ። "ጎማህ ይዞራል!" ይሏችኋል። "አውቃለሁ፣ አመሰግናለሁ" ብላችሁ እለፉ። ውሻ ሲመጣ መሸሽ ያባብሰዋል። ውረዱ፣ ሳይክሉን በእናንተና በውሻው መካከል አድርጉ፣ እያወራችሁ ቀስ ብላችሁ ሂዱ። ብዙው ውሻ የሚናደደው በሚዞረው ጎማ ነው፣ ሲቆም ይሰለቻል።

ሰዓቱ ጠዋት 12 ተኩል ወይም 1 ሰዓት ላይ መነሣት ነው። ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ጫካ ውስጥ አትገኙ። ጅብ የዚያ ሰፈር ነዋሪ ነው። ብቻችሁንም አትሂዱ፣ ለቤት ሰውም የምትሄዱበትን ተናገሩ። ሄልሜት ያድርጉ። ያገለገለ ሄልሜት ግን ውስጡ ያልተሰነጠቀ መሆኑን እዩ። ሰፊ ሱሪ የለበሰ በቀኝ በኩል ቁርጭምጭሚቱ ላይ በላስቲክ ይሰር፣ ነጠላ ያላትም ጫፉን በደንብ ታስገባ። ካቴና የያዘውን አይለቅም።

ለምግብ በሶ ጥሩ ነው፣ ሙዝና ቆሎም እንዲሁ። ውኃ ከአንድ ሊትር ተኩል አያንስ።

ጎማ ሲፈነዳ

ይህን ቤት ውስጥ አንድ ጊዜ ተለማመዱት። የምትይዙት፦ ትርፍ ከመነዳሪ፣ መለጠፊያ፣ ማስቲሽ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ ሁለት የፕላስቲክ ማንሻ፣ ፓምፕ፣ የሳይክሉን ብሎኖች የሚፈቱ ቁልፎች። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ሽቶ ከማስላክ መለጠፊያና የፍሬን ሸራ አስልኩ።

ጎማውን ፍቱና የቀረ አየር አስወጡ። የጎማውን ጠርዝ ዙሪያውን ወደ መሀል ግፉት፣ ይላላል። በማንሻው አንዱን ጎን ብቻ አውጡ። ካቻቢቴ አትጠቀሙ፣ ሌላ ቀዳዳ ይጨምርላችኋል። ከመነዳሪውን ስባችሁ አውጡና ትንሽ ንፉት። ቀዳዳውን በጆሮ ወይም በከንፈር ፈልጉ። ውኃ ካለ ነክራችሁ አረፋውን እዩ።

አሁን ሰው የሚዘለው ነገር፦ ቀዳዳው ከመንፊያው በስንት ርቀት እንዳለ ልብ በሉና ጎማው ላይ በዚያው ቦታ እሾሁን ፈልጉ። እሾሁን ሳታወጡ ብትለጥፉ መቶ ሜትር አትሄዱም። የጎማውን ውስጥ በጨርቅ አብሱ፣ በባዶ ጣት አይሁን። ቀዳዳው አንድ ከሆነ እሾህ ነው። ሁለት ጎን ለጎን ከሆነ አየሩ አንሷል።

ቀዳዳው ዙሪያ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጉ። ማስቲሹን ስስ አድርጋችሁ ቀቡና 5 ደቂቃ ያህል ጠብቁ። ሲነካ እርጥብ መሆን የለበትም። በዚህ አምስት ደቂቃ ውስጥ ጆን ቦይድ ደንሎፕን አስቡት። የእንስሳት ሐኪም ነበር። ቤልፋስት ውስጥ ለልጁ ባለሦስት እግር ሳይክል የአየር ጎማ ሠርቶ በ1888 (እ.ኤ.አ.) የፈጠራ መብት አወጣበት። ከዚያ በፊት ጎማው ደረቅ ላስቲክ ነበር፣ ቀዳዳ የለም፣ ወገብም የለም። ማስቲሹ ከደረቀ ለጥፉና አጥብቃችሁ ተጫኑት።

ስትመልሱ ከመነዳሪውን ቅርጽ እስኪይዝ ብቻ ንፉት። ጠርዙን በአውራ ጣታችሁ እየገፋችሁ አስገቡ፣ መጨረሻው መንፊያው ጋ ይሁን። ከመንፋታችሁ በፊት ዙሪያውን እዩ፣ ከመነዳሪው ተቆንጥጦ ብቅ ያለበት ቦታ እንዳይኖር።

ቤት ገብታችሁ

በፍጥነት ላወራው፦ ጭቃውን በባልዲ ውኃና በጨርቅ እጠቡ፣ በከፍተኛ ግፊት የመኪና እጥበት አይሁን፣ ኩሽኔታው ውስጥ ውኃ ያስገባል። ካቴናውን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ አንዳንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት አድርጉ፣ ትንሽ ቆይታችሁ የተረፈውን ጥረጉ። ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት አትቀቡ። አቧራ ይሰበስባል፣ አቧራና ዘይት ሲገናኙ ብረት ይበላሉ።

ከዚያ ንባብ። ማርሽና ፍሬኑን የሠራው ፋብሪካ ስም ላዩ ላይ ተጽፏል። ሺማኖ ከሆነ የሞዴል ቁጥሩን ይዛችሁ የፋብሪካውን መመሪያ በነጻ ማውረድ ትችላላችሁ። በእንግሊዝኛ ነው፣ ግን ሥዕሉ ብዙ ነው። ሳይክሉን ገልብጣችሁ አጠገባችሁ አቁማችሁ ካነበባችሁት ይገባል፣ አልጋ ላይ ተኝታችሁ ካነበባችሁት እንቅልፍ ነው። ስለ ቆዩ ሳይክሎች መለኪያ ደግሞ ሼልደን ብራውን የሚባል አሜሪካዊ መካኒክ ድረ ገጽ አለ። ሰውየው በ2008 (እ.ኤ.አ.) አረፈ፣ ጽሑፎቹ ግን ዛሬም ይነበባሉ። ያገለገለ ሳይክል ለገዛ ሰው ከዚያ የሚሻል አላውቅም።

ታሪክ ለምትወዱ ደግሞ የራሳችን አለ። ኢትዮጵያ በመጀመሪያው ኦሎምፒኳ፣ በ1956 (እ.ኤ.አ.) ሜልቦርን ላይ፣ ከሯጮች ጋር ብስክሌተኞችም ልካለች። የመቀሌው ጽጋቡ ግርማይ በ2016 ቱር ደ ፍራንስ በሚባለው የፈረንሳይ ታላቅ የብስክሌት ውድድር ላይ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። የኤርትራው ቢንያም ግርማይ በ2024 በዚያው ውድድር ሦስት ቀን አሸንፎ በነጥብ አንደኛ የሆነው የሚለብሰውን አረንጓዴ ማልያ ወሰደ። የውድድር ዘገባ ስታነቡ የየቀኑን አቀበት በመቶኛ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ከእንጦጦው ጋር አስተያዩት።

አንድ ደብተር ግዙ። ቀኑን፣ ርቀቱን፣ የነፋችሁትን የአየር መጠን፣ መንገዱ ደረቅ ወይስ ጭቃ እንደነበር፣ የቀየራችሁትን ዕቃ ጻፉ። ወር በወር ካቴናውን በብረት ማስመሪያ ለኩ። አዲስ ካቴና 12 ሙሉ መጋጠሚያው (አንዱ ጠባብና አንዱ ሰፊ ክፍል አብረው እንደ አንድ ሲቆጠሩ) ልክ 12 ኢንች ነው። የኢንች አንድ አሥራ ስድስተኛ ከረዘመ ካቴናውን ብቻ ቀይሩ። አንድ ስምንተኛ እስኪደርስ ከጠበቃችሁ የኋላውንም ጥርስ ትገዛላችሁ። የለካችሁትንም ጻፉ፤ በእናንተ መንገድና በእናንተ እግር ካቴና ስንት ኪሎሜትር እንደሚቆይ ከደብተሩ ታገኙታላችሁ።